ከጀርመኗ ባድ ክሮይዝናኽ እስከ በርሚንግሃም፦ የትራምፖሊን ሻምፒዮና ያለፈባቸውን ከተሞች ተከትለን

ልጄ አሥር ዓመቷ ነው። ፍራንክፈርት ዳር ባለ አንድ ትንሽ ክለብ ውስጥ ትራምፖሊን፣ ማለትም በሞላ በተወጠረ ሸራ ላይ እየነጠሩ የሚገለባበጡበትን ስፖርት፣ ትሠራለች። በ2024 ግንቦት (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ጀርመኖቹ ሳልቶ የሚሉት ወደኋላ መገልበጥ፣ እየሳቀች ስትሠራው የኖረችው ነገር፣ ድንገት ጠፋባት። ሸራው ላይ ትወጣለች፣ ሦስት አራቴ ትነጥራለች፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች። "አባዬ፣ አየር ላይ የት እንዳለሁ አላውቅም" ነው የምትለው። አሰልጣኟ በዚህ ስፖርት የታወቀ ነገር መሆኑን ነገረችኝ። አካሉ ምንም አልሆነም፣ ጭንቅላት ግን መንገዱ ይጠፋበታል። መቆጣትም ማባበልም አይሠራም፣ ጊዜ ነው የሚፈልገው።

የመኸር ዕረፍት ሲመጣ ሌላ ቦታ ከምንሄድ የትራምፖሊን የዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ያለባቸውን ከተሞች እንዙር አልኩ። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ በስልክ "መዝለል ደግሞ ስፖርት ነው እንዴ?" ይላሉ። ነው። ታሪክም አለው። ልጄም ይህን ታሪክ ቦታው ላይ ቆማ እንድትሰማው ፈለግኩ።

እንዲያውም የታሪኩ አንድ ጫፍ ያለው እኛው ከተማ ነው። ዓለም አቀፉ የትራምፖሊን ፌዴሬሽን የተቋቋመው በማርች 1964 ፍራንክፈርት ውስጥ ነው፣ በዚያው ወር ለንደን ላይ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያገኘበት ዓመት መሆኑ ነው።

ሰኞ ጥቅምት 4 (ኦክቶበር 14)፦ ባድ ክሮይዝናኽ

ያኔ በወር 49 ዩሮ የምከፍልበት የባቡር ትኬት ስለነበረኝ ለእኔ ተጨማሪ ወጪ አልነበረም፣ የልጄን ብቻ ቆረጥኩ። በማይንስ በኩል ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከተማዋ ትንሽ ነች። ናሄ የሚባለው ወንዝ መሀሏን ያቋርጣል፣ በድሮው ድልድይ ላይ የተሠሩ ቤቶች አሉ፣ ወይን በየኮረብታው ነው።

የመጣነው ግን ለአና ዶጎናድዜ ብለን ነው። አና ጆርጂያ ተወልዳ፣ ጀርመን መጥታ፣ እዚህች ከተማ ክለብ ውስጥ ሆና ነው በ2004 አቴንስ ላይ ለጀርመን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣችው። ያኔ 31 ዓመቷ ነበር። እንደኛ ከሌላ አገር የመጣች ሴት መሆኗ ለልጄ ትልቅ ነገር ነው። የክለቡን ስም አውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ በተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ ስታየው በጣም ደስ አላት።

ከሰዓት በኋላ ጨዋማው ውሃ የሚወርድበት ቦታ ሄድን። እዚህ መታየት ያለበት ነገር እሱ ነው። ቁመታቸው የፎቅ ቤት የሚያህል ረጃጅም የእንጨት ግድግዳዎች አሉ፣ ውስጣቸው በደረቀ የእሾህ ጭራሮ ተጠቅጥቋል፣ ከላይ የጨው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ በጭራሮው ይወርዳል። ጭራሮው በጊዜ ብዛት ነጭና ግራጫ ድንጋይ ለብሷል። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብርድ ልብስ ደርበው ከሥሩ ተቀምጠው አየሩን ይስባሉ። ልክ ጠበል ቦታ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለዋል። እኛም ተቀመጥን፣ ያን ጊዜ ነው የ2001ን ታሪክ የነገርኳት።

በ2001 የዓለም ሻምፒዮና ዴንማርክ ኦደንሴ ላይ ነበር። ወርቁ ለሩሲያዋ ኢሪና ካራቫየቫ ተሰጠ። ኢሪና ያኔ ተራ ሰው አይደለችም፣ ከአንድ ዓመት በፊት ሲድኒ ላይ ትራምፖሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ የሴቶቹን ወርቅ የወሰደችው እሷ ነች። ኋላ ላይ የዳኞች የነጥብ ስህተት እንደነበረ፣ ማሸነፍ የነበረባትም አና እንደሆነች ታወቀ። ኢሪና ወርቋን አውልቃ ለአና ሰጠቻት። ለዚህም የፌር ፕለይ (የስፖርት ጨዋነት) ሽልማት አገኘች።

ልጄ ትንሽ አሰበችና "ስትሰጣት አላለቀሰችም?" አለች።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እኔ ግን በዚህ ሻምፒዮና ታሪክ ውስጥ ከማንኛውም ከባድ ዝላይ በላይ የምኮራበት ነገር ይሄ ነው።

ማታ ቤት ገባን። ዶነር ለሁለት 14 ዩሮ።

ማክሰኞ ጥቅምት 5 (ኦክቶበር 15)፦ አመርስፎርት፣ ኔዘርላንድስ

ቀድሜ ስለቆረጥኩ 38 ዩሮ ብቻ ነው የከፈልኩት፣ ልጅ ከወላጅ ጋር በነፃ ነው። ባቡሩ ግን ድንበሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከአንድ ሰዓት በላይ። ማብራሪያ የለም፣ ውሃ የለም፣ ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ አውሮፕላን ሊያመልጣቸው ነው መሰለኝ ስልካቸው ላይ እየጮሁ ነበር። ዩትሬክት ላይ የምንቀይረው ባቡር አመለጠን፣ የሚቀጥለውን ይዘን አመርስፎርት ስንደርስ ሊመሽ ነው።

አመርስፎርት ቆንጆ ነች። ወንዙ ላይ የተሠራ ኮፐልፖርት የሚባል የድሮ የከተማ በር አለ፣ መሀል ከተማ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ 98 ሜትር ማማ። በ1661 አራት መቶ የከተማዋ ሰዎች በአንድ ሰው ውርርድ ምክንያት ትልቅ ድንጋይ ከሜዳ ጎትተው ከተማ አስገብተዋል፣ ድንጋዩ ዛሬም ተከብሮ ተቀምጧል። ልጄ ስታየው "ለምን?" አለች። ለውርርድ ነዋ!

እዚህ በ1968 የተካሄደው ውድድር የአንዲት ሴት ዘመን ማብቂያ ነበር። ጁዲ ዊልስ የምትባል አሜሪካዊት በ1964፣ በ1965፣ በ1966፣ በ1967 እና እዚህ በ1968 በተከታታይ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የመጀመሪያዎቹን አምስት ውድድሮች በሙሉ ማለት ነው። በወንዶቹ ዴቭ ጃኮብስ አሸነፈ፣ እሱም አሜሪካዊ ነው። ያኔ ውድድሩ በየዓመቱ ነበር። ከአመርስፎርት በኋላ በየሁለት ዓመቱ ሆነና በ1970 ወደ በርን፣ በ1972 ወደ ሽቱትጋርት ሄደ። አፍሪካ ሁለት ጊዜ መጥቷል፣ ሁለቴም ደቡብ አፍሪካ ነው። በ1974 ጆሃንስበርግ፣ በ1999 ሰን ሲቲ። በመጀመሪያው ጊዜ አገሪቱ ገና በአፓርታይድ ሥር ነበረች። ይህን ለልጄ ማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ፣ ግን መዝለል የለብኝም አልኩ።

ቺፕስ በማዮኔዝ 4 ዩሮ ከ50። ትንሽዬ ሆቴል ለአንድ ሌሊት 95 ዩሮ፣ ቁርስ የለውም። ውድ ነው።

ረቡዕ ጥቅምት 6 (ኦክቶበር 16)፦ ሮተርዳም እና መርከቡ

ሮተርዳም የድሮ የሰፈር ጓደኛዬ አለ። ረቡዕ ስለሆነ ሽሮና ጎመን፣ ከላይ ቃሪያ በሽንኩርት የተሞላ። እንጀራው የተጋገረው እዚያው ኔዘርላንድስ ከበቀለ ጤፍ ነው። ጓደኛዬ ዱቄቱን እያሳየኝ የፓተንቱን ጉዳይ አነሳ። ጤፍን በፓተንት ይዞ የነበረው የደች ኩባንያ መብቱን በ2018 ፍርድ ቤት ሽሮበታል። "እንኳን ተሻረ!" አለ ሚስቱ ከኩሽና ሆና። ልጄ ሁለት እንጀራ በላች፣ ቤት ውስጥ አንዱን የማትጨርስ ልጅ።

ያኔ ከአምስተርዳም ለንደን በቀጥታ የሚሄደው ባቡር ለጣቢያ እድሳት ተቋርጦ ነበር፣ ብራስልስ ወርዶ መቀየር ግድ ነበር። የማክሰኞው መዘግየት ገና ከሆዴ ስላልወጣ የሌሊቱን መርከብ መረጥኩ። ከሮተርዳም በሜትሮ እስከ ሁክ ቫን ሆላንድ፣ ከዚያ በእግር ወደ ወደቡ። ለሁለታችን ከነክፍሉ 190 ዩሮ። ፓስፖርት መያዝ አትርሱ፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ የጀርመን መታወቂያ ብቻውን አይበቃም።

እኩለ ሌሊት ላይ ባሕሩ ተናወጠ። ልጄ መጀመሪያ እየሳቀች ወለሉ ላይ መንጠር ጀመረች፣ መርከቡ ሲወርድ አየር ላይ ትንሽ ትቆያለች። ትንሽ ቆይቶ ግን ፊቷ ገረጣ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ወጣ፣ ያ ሁሉ እንጀራ። አንዲት የመርከቡ ሠራተኛ የዝንጅብል ሻይና ፎጣ ይዛ መጣች፣ ገንዘብ አልቀበልም አለች። ውለታዋን አልረሳም።

ሐሙስ ጥቅምት 7 (ኦክቶበር 17)፦ ለንደን፣ ሮያል አልበርት ሆል

ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሃሪች ወረድን። የፓስፖርቱ ሰልፍ፣ ባቡር፣ ከዚያ ለንደን። ያረፍነው እናቴን ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቋት እትዬ ቤት ነው። ገና በሩን ሲከፍቱ "ይቺን ልጅ ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የከሳችው?" አሉኝ። "መርከቡ ነው እትዬ፣ እርስዎ አያስቡ" ብልም አልሰሙኝም፣ ወዲያው አጥሚት።

በለንደን አውቶቡስ ያኔ 1 ፓውንድ ከ75 ነበር፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ባቡሩም አውቶቡሱም ነፃ። ጀርመን ይህን ብትማር ጥሩ ነበር።

አልበርት ሆል በ1871 የተከፈተ ሞላላ ቀይ ሸክላ ሕንፃ ነው። የአስጎብኚው ዋጋ ያኔ 20 ፓውንድ ገደማ ነበር፣ ይገባዋል። ከ5,200 በላይ ሰው ይይዛል። ከላይኛው ሰገነት ቁልቁል ሲያዩት መሀሉ ያስፈራል። ጣሪያው 41 ሜትር ከፍታ አለው፣ እዚያ ላይ ድምፅ እንዳያስተጋባ የተሰቀሉ ትልልቅ ክብ ነገሮች አሉ፣ እንጉዳዮቹ ይሏቸዋል። የተሰቀሉት በ1969 ነው። ስለዚህ በማርች 1964 መሀል ላይ ትራምፖሊን ተዘርግቶ ወጣቶቹ ወደ ላይ ሲነጥሩ፣ ከበላያቸው የነበረው ባዶው ጉልላት ብቻ ነው። አስጎብኚው ስለ ቦክሱም ስለ ሙዚቃውም ብዙ አወራ፣ ስለ ትራምፖሊኑ ስጠይቀው ግን ዓይኑ በራ። ጓደኞቹን ጠርቶ እንድነግራቸው አደረገኝ።

እኔም ነገርኳቸው። መሣሪያውን የሠራው ጆርጅ ኒሰን የአሜሪካዋ አይዋ ግዛት ልጅ ነው። በልጅነቱ የሰርከስ ተወርዋሪዎች ትርኢታቸውን ጨርሰው ታች መረቡ ላይ ሲወድቁና መልሰው ሲነጥሩ አየ፣ ይህ መንጠር ባያቆምስ ብሎ አሰበ። በ1934 ከላሪ ግሪስዎልድ ጋር ብረትና ሸራ አጋጥመው የመጀመሪያውን ሠሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች አብራሪዎችን አሠለጠኑበት። በ1960 ደግሞ ኒሰን ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ካንጋሮ ይዞ አብሮት ዘሏል፣ ፎቶው አለ። እንግሊዝ ያለውን ኩባንያውን ይመራ የነበረው ቴድ ብሌክ ነው ስፖርቱን እዚህ አገር ያስፋፋው። በ1964ቱ ውድድር በወንዶች የ18 ዓመቱ ዳኒ ሚልማን፣ በሴቶች ጁዲ ዊልስ አሸነፉ። በሚቀጥለው ዓመትም ለንደን ላይ ተደገመ፣ በ1967 ለሦስተኛ ጊዜ። ኒሰን ዕድሜ ሰጥቶት በ2000 ሲድኒ ላይ ስፖርቱ ኦሎምፒክ ሲገባ በ86 ዓመቱ በዓይኑ አይቷል። ኃይሌ ቴርጋትን ለጥቂት የቀደመበት ኦሎምፒክ ነው። ኒሰን ያረፈው በ2010 ነው።

እኛ አገር ልጆች ሲገለባበጡ ያየነው በሰርከስ ነው፣ ሰርከስ ኢትዮጵያ ሲጀመር ስንቱ የሰፈር ልጅ ነው ሜዳ ላይ አንገቱን የቀጨው! የትራምፖሊን ሥሩም ሰርከስ መሆኑን ሳስብ ለእኛ ልጆች የራቀ ነገር አይመስለኝም።

ከአልበርት ሆል ቁልቁል ትንሽ ሲሄዱ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ፣ መግቢያው ነፃ። እዚያ ደርሶ የመቅደላን ዘውድ ሳያዩ ማለፍ አልችልም። በ1868 ከአፄ ቴዎድሮስ አምባ የተወሰደው ዘውድና ጽዋ መስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጄ "የእኛ ከሆነ ለምን እዚህ አለ?" አለች፣ ጮክ ብላ፣ በጀርመንኛ። አጠገባችን የነበሩ ሁለት ጀርመናውያን ዞረው አዩን። ይመለስልን፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ዓርብ ጥቅምት 8 (ኦክቶበር 18)፦ ኖርዝ ግሪኒች

እትዬ "እኔም እመጣለሁ" ብለው ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። የ2012 ኦሎምፒክ ትራምፖሊን የተካሄደበት ትልቁ ነጭ ድንኳን መሰል አዳራሽ ኖርዝ ግሪኒች ነው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ በጁብሊ መስመር ይደረሳል። ኦገስት 3 ቀን ቻይናዊው ዶንግ ዶንግ እዚህ ወርቁን ወሰደ፣ በዚያው ዕለት ማታ ስትራትፎርድ ላይ ጥሩነሽ ዲባባ 10,000 ሜትሩን አሸነፈች። እትዬ ያን ማታ ስትራትፎርድ ስታዲየም ነበሩ። "ባንዲራዬን ከበላዬ ሳላወርድ አደርኩ" አሉ። ልጄ ደግሞ በማግስቱ የካናዳዋ ሮዚ ማክሌናን እዚህ ማሸነፏን ነገረቻቸው፣ አራት ዓመት ቆይታ ሪዮ ላይም እንደደገመችው ጨመረች። እትዬ "ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የሚዘለው ምን ለማግኘት ነው?" ብለው ጠየቋት።

ልጄ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና በጣቷ ሳጥን ሥላ አስረዳቻቸው። ሸራው 4.28 በ2.14 ሜትር ነው፣ መሀሉ ላይ ቀይ መስቀል አለ። አንድ ሰው አሥር የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን ሳያቋርጥ ይሠራል። ዳኞች አሠራሩን ያያሉ፣ የእንቅስቃሴው ክብደት ይደመራል፣ አየር ላይ የቆየበት ጊዜ በመሣሪያ ይለካል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ከመስቀሉ በራቀ ቁጥር ነጥብ ይቀነስበታል። ወንዶቹ እስከ ስምንት ሜትር ይወጣሉ። "ስምንት ሜትር!" እትዬ አማተቡ። "የኔ ልጅ፣ አንቺ ግን እዚያ ድረስ እንዳትሄጂ።"

ቅዳሜ ጥቅምት 9 (ኦክቶበር 19)፦ ወደ በርሚንግሃም

አውቶቡስ ለሁለታችን 17 ፓውንድ። ርካሽ ነው፣ ግን መንገድ ላይ ተበላሽቶ አንድ የነዳጅ ማደያ አጠገብ አወረዱን፣ ሌላ እስኪመጣ ከሦስት ሰዓት በላይ ብርድ ላይ። ሾፌሩ ራሱ ተናዶ ነበር፣ ቢሮውን ደጋግሞ ሲደውል አያነሱለትም። እትዬ የቋጠሩልን ዳቦ ባይኖር ኖሮ እዚያ የሚሸጠውን ሳንድዊች በ7 ፓውንድ ልንገዛ ነበር።

ማታ የአክስቴ ልጅ ከጣቢያ ወሰደን፣ ቀጥታ ባልቲ ቤት። ባልቲ በርሚንግሃም የሚኮራበት የፓኪስታኖች ወጥ ነው፣ በብረት ድስቱ እየጨሰ ይቀርባል፣ ጠረጴዛውን የሚያህል ናን ይመጣና ሁሉም እየቆረሰ በእጁ ይበላል። ለአራት ሰው 46 ፓውንድ። ቅመሙ ጠንካራ ነው፣ ወደድኩት።

እሑድ ጥቅምት 10 (ኦክቶበር 20)፦ በርሚንግሃም

ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቦዩ ዳር በእግር ሻምፒዮናው ወደተካሄደበት አዳራሽ ሄድን። ቦዩ ላይ ሰው የሚኖርባቸው ቀጫጭን ጀልባዎች አሉ፣ ከአንዱ የጭስ ማውጫ የእንጨት ሽታ ይመጣል። አዳራሹ ውሃው ዳር ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ቤት እንግዳ አይደለም። በ2003 የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ኃይሌ ገብረሥላሴና ብርሃኔ አደሬ 3,000 ሜትሩን ያሸነፉት እዚህ ነው። በ2018 ገንዘቤ ዲባባ 1,500ንም 3,000ንም ወሰደች፣ ዮሚፍ ቀጀልቻና ሳሙኤል ተፈራም ወርቅ አገኙ። የትራምፖሊን የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በ2011 እና በኖቬምበር 2023 እዚሁ ተካሂዷል።

በ2023 እዚህ በሴቶች ያሸነፈችው ብራዮኒ ፔጅ ነች። ልጄን ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣኋት በዋናነት ለእሷ ታሪክ ነው። ብራዮኒ በታዳጊነቷ ልጄ የደረሰባት ነገር ደርሶባታል። የምትችላቸው እንቅስቃሴዎች ጠፉባት፣ ሁለት ዓመት ያህል ወሰደባት፣ ከተራ መንጠር ጀምራ አንድ በአንድ መልሳ ገነባቻቸው። ለንደን 2012 አልተወዳደረችም። ከዚያ ሪዮ ላይ ብር፣ ቶኪዮ ላይ ነሐስ፣ በ2021 ባኩ ላይ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2023 እዚህ በአገሯ ሰው ፊት ድጋሚ፣ በኦገስት 2024 ደግሞ ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ፣ በ33 ዓመቷ። ይህን ሳወራ ልጄ የአዳራሹን መስታወት በር እየነካች ነበር። "ሁለት ዓመት?" አለች። "አዎ።" "እኔን ገና አምስት ወር ነው የሆነኝ።"

ከሰዓት የአክስቴ ልጅ ጎረቤት ልጁን የሚወስድበት የስፖርት ማዕከል ሄድን፣ ለእንግዳ 6 ፓውንድ። አሰልጣኟ ሃምሳ የሚሆናት ሴት ነች። ነገሩን ሳስረዳት ብዙ አልጠየቀችም፣ ልጄን ነጭ ካልሲ አስለብሳ ሸራው ላይ አወጣቻት። ቀረብ ብዬ አየሁት። ሸራው ድፍን አይደለም፣ ከቀጫጭን የናይለን ጥብጣብ የተሸመነ ነው፣ በቀዳዳዎቹ ወለሉ ይታያል፣ ዙሪያውን ሞላዎቹ ሲሳቡ ይንጫጫሉ። አራት ልጆች በአራቱ ጎን ቆመው እጃቸውን ጠርዙ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። "አሥር ተራ ዝላይ፣ ሌላ ምንም" አለቻት። ልጆቹ ጮክ ብለው ቆጠሩ። በአሥረኛው ልጄ ቀይ መስቀሉ ላይ ቆመች። ድጋሚ አሥር። ከዚያ በጀርባ መውደቅ፣ ወፍራም ፍራሽ ተገፍቶላት። ሳልቶ አልሠራችም፣ ማንም አልጠየቃትም። አንድ ሰዓት ሙሉ ግን አላቆመችም፣ ከወረደች በኋላም ለሌሎቹ ትቆጥር ነበር።

ከተመለስን በኋላ

በመመለሻው ለመናገር የሚበቃ ነገር አልገጠመንም። ክለቧ ማክሰኞና ሐሙስ ነው፣ አሁንም ከፍራሹ ጋር ነው የምትሠራው፣ በአሰልጣኟ እጅ ተደግፋ ግማሹን መንገድ መሄድ ጀምራለች። ከጉዟችን በኋላ የሚቀጥለው የዓለም ሻምፒዮና በኖቬምበር 2025 ስፔን፣ ፓምፕሎና ነበር። ከፍራንክፈርት በባቡር በፓሪስና በድንበሩ ከተማ በኢሩን በኩል ይደረሳል፣ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ያኔ ትኬቱ ገና ስላልወጣ ሆቴሉን ይዤ ነበር፣ እትዬም ስማቸውን አስመዝግበው ነበር።